ትልቁ ውሻዬ ጸጉሩ ተቋጥሮብኛል፣ በቶንዶስ ልላጨው ወይ?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ ጀማዓ፣ ደሴ ሆጤ አካባቢ ነኝ። ቦቢ የሚባል ትልቅ ውሻ አለኝ፣ ጸጉሩ ረጅምና ሻካራ ነው ከስሩ ደግሞ ጥጥ የመሰለ ሌላ ጸጉር አለው፣ ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ላይ ሲንከባለል ከረመና እሁድ ለት ፀሐይም ወጣ ውሃም መጣች ብዬ ሳላበጥረው በልብስ ሳሙና አጠብኩት፣ ሲደርቅ ከጆሮው ኋላና ብብቱ ስር እንደ ባና ተደምድሞ ቁጭ አለ። ማበጠሪያ አይገባም። ስነካው ያጉረመርማል፣ ስምንት አመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን አጉረምርሞብኝ አያውቅም፣ ሆዴን ነው ያላወሰው። ጎረቤት ሙልጭ አርገህ ላጨው ይለኛል፣ ምን ትላላችሁ?

የኮምቦልቻዋ፦
አብሽር ወንድሜ፣ መላጨቱን ግን ተወው። እኔ አምና የራሴን ውሻ ሙቀቱ ከበደው ብዬ ላጭቼው ጀርባው በፀሐይ ተቃጠለ፣ ጸጉሩም ሲመለስ አንዱ ጋ ሳስቶ አንዱ ጋ ጥጡ ብቻ በቀለ። ያ ጸጉር ከብርድም ከፀሐይም ነው የሚከልለው፣ አንተ ደግሞ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለኸው፣ የደሴ ሌሊት አይራራለትም።
ቋጠሮ ውሃ ሲነካው ይብስ ይጠብቃል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ማበጠር ከዛ ማጠብ ነው። አሁን በደረቁ የበቆሎ ስታርች ነስነስ አርግበትና በጣትህ ከጫፉ ጀምረህ ፈልቅቀው፣ በሌላው እጅህ ስሩን ያዝለት ቆዳው እንዳይጎተት፣ ከዛ ጥርሱ ሰፋ ያለ የብረት ሚዶ። እምቢ ያለውን ቆዳውና ቋጠሮው መሀል ሚዶ አስገብተህ ከሚዶው በላይ ቁረጥ፣ ቆዳው ከቋጠሮው ጋ ተስቦ ስለሚነሳ መቀስ እንዲሁ ከሰደድክ ታቆስለዋለህ። በቀን አስር ደቂቃ ይበቃዋል፣ ሲሰለቸው ተወው።

ሀኪሙ፦
የእንስሳት ጤና ላይ ነው የምሰራው። የማያጉረመርም ውሻ ካጉረመረመ አሞታል ማለት ነው፣ እንዳትቆጣው። ቋጠሮው ስር እርጥበት ወይ ሽታ ወይ ቁስል ካለ ቤት አትታገል ክሊኒክ ውሰደው። የልብስ ሳሙና ቆዳውን ያደርቀዋል፣ የውሻ ሻምፖ ፈልግና ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ አለቅልቀው፣ ጥጡ ውስጥ ሳሙና ይደበቃል። መዥገር ካገኘህ ደግሞ አደራ የከብት መድሀኒትም ነጭ ጋዝም እንዳትቀባው፣ ይልሰውና ይመረዛል፣ በጉጠት ቆዳው ጋ ጠጋ ብለህ ይዘህ ቀጥ አርገህ ሳብ።

ሰኞ ገበያ፦
ጭጎጎትም እይ፣ ጣቶቹ መሀል ሳይቀር ይገባል።

የጦሳ ልጅ፦
አላህ ይስጣችሁ። ዛሬ በስታርቹ የግራ ጆሮውን ጀመርኩ፣ ቋጠሮው ሲፈታ መሀሉ ላይ አራት ጭጎጎት ቆዳው ላይ ተሰክቶ አገኘሁ፣ ስሩ ቀልቷል ግን አልቆሰለም። ሲወጣለት ተንፍሶ ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ ጣለው። ነገ ብብቱን።