ለሜይ የራሱን ፎርሜሽን ቶኪዮ ላይ ለምን ተወው?

የደብረ ብርሃን ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ለታሪክ ክበባችን የአሜሪካዊውን የአየር ኃይል ጄኔራል የኩርቲስ ለሜይን የውትድርና ሕይወት እያዘጋጀን ነው። በ1942 እ.ኤ.አ. የ305ኛው ቦምብ ጣይ ግሩፕ አዛዥ ሆኖ እንግሊዝ ሲገባ ቢ-17 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖቹን በቀን፣ በፎርሜሽን (በሰልፍ) ተጠጋግተው ያበረራቸው እሱ ነው። በማርች 1945 ግን ቶኪዮን ያስመታው በሌሊት፣ ዝቅ ብለው በየፊናቸው በሚበሩ ቢ-29 ቦምብ ጣዮች ነው። ምን ቀየረው?

መንዜው፦
መጀመሪያ ሰውየው ጎበዝ ናቪጌተር (የበረራ አቅጣጫ ቀያሽ) እንደነበረ ያዙልኝ። በ1938 ሬክስ የተባለችውን የጣሊያን መርከብ አትላንቲክ ላይ ፈልገው ያገኙት ቢ-17ዎች መሪ ናቪጌተር እሱ ነበር። እንግሊዝ ሲደርስ አብራሪዎች ፀረ አውሮፕላን መድፍ ሽሽት ዒላማው ላይ ሲጠማዘዙ አገኛቸው። ኖርደን የሚባለው የቦምብ ማነጣጠሪያ መሣሪያ ደግሞ ፍጥነት፣ ከፍታና አቅጣጫ ካልረጋለት ስሌቱ ይዛባል። ስለዚህ ኖቬምበር 23 ቀን 1942 የፈረንሳይ ወደብ በሆነችው ሴን ናዜር ላይ ራሱ ፊት ሆኖ ለ7 ደቂቃ ቀጥ አድርጎ መራቸው።

ፎርሜሽኑ በተለመደው መልኩ 18 አውሮፕላን ነው፤ መሪው ስኳድሮን (ንዑስ ቡድን) መሃል፣ አንዱ ከላይ በቀኝ፣ አንዱ ከታች በግራ፣ መትረየሶቻቸው እርስ በርስ እንዲሸፋፈኑ። ፈተናው መታጠፊያ ላይ ነው። በውጭ በኩል ያለው ላለመቅረት ሞተሩን ያስጨንቃል፤ በውስጥ ያለው ፍጥነት አጥቶ ሊወድቅ ይደርሳል። ተነጥሎ የቀረውን ደግሞ የጠላት ተዋጊ አውሮፕላን ይለቅመዋል።

ከአንኮበር፦
ጃፓን ላይ ችግሩ ሌላ ነበር። ቢ-29 እስከ 30,000 ጫማ ወጥቶ ይጥል ነበር፤ ይህ ከደብረ ብርሃን ከፍታ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። እዚያ ያለው ኃይለኛ ነፋስ ቦምቡን ይበትናል፣ ደመና ዒላማውን ይሸፍናል፣ ሞተሩም ሽቅብ ሲታገል ግሎ ይቃጠላል። ለሜይ ወደ 5,000–9,000 ጫማ አወረዳቸው። የጃፓን የሌሊት ተዋጊ ደካማ ስለነበር አብዛኛው መትረየስና ጥይት ተራግፎ በምትኩ ተቀጣጣይ ቦምብ ተጫነ። ፎርሜሽን መሥራት ነዳጅ ይበላል፤ በጨለማ ደግሞ ያጋጫል።

ጽሑፋችሁ ላይ ይሄ እንዳይቀር፦ በዚያ ሌሊት ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ አልቋል፣ አብዛኛው ሰላማዊ ሰው። ስለ ትክክለኛ ማነጣጠር ይጨነቅ የነበረው አዛዥ ሰፈር ሙሉ ወደ ማቃጠል ነው የተሻገረው። ይህን በስልት ለውጥ ብቻ ማለፍ ለእኔ ልክ አይደለም።

የደብረ ብርሃን ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። በቀኑ በረራ ሁሉም በየራሱ ነበር የሚያነጣጥረው?

መንዜው፦
የለም፣ መሪው ሲጥል አይተው ነው የሚጥሉት። ለዚህ ሲባል ለሜይ ዒላማውን አስቀድሞ በፎቶ የሚያጠና የተመረጠ መሪ ቡድን አዘጋጀ። ጉዳቱ መሪው ከሳተ ግሩፑ በሙሉ መሳቱ ነው፤ መሪው ከተመታም ምክትሉ ወዲያው ቦታውን ካልያዘ ያ ሁሉ ጉዞ ከንቱ ይቀራል።