በእጅ የተጠመጠመ ሃምበከር ከፋብሪካው በምን ይለያል?

ባለ ስድስት ክር፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን) የቀየራችሁ ካላችሁ እስቲ እርዱኝ። ጊታሬ ሁለት ሃምበከር (ባለ ሁለት ኮይል ፒክአፕ) ነው ያለው፣ ሁለቱም ከፋብሪካ አብረውት የመጡ ናቸው። የብሪጁ (ክሮቹ ከታች ከሚያርፉበት ድልድይ አጠገብ ያለው) ምንም አይልም፣ ዲስቶርሽን ሲገባበት ደስ ይላል፣ የኔኩ (ወደ አንገቱ በኩል ያለው) ግን ክሊን ስጫወት ታፍኖ ነው የሚወጣው፣ በተለይ ወፍራሞቹ ክሮች፣ ኮርድ ስመታ ኖታዎቹ ተለያይተው አይሰሙም ሁሉም ተድበስብሶ ይቀራል። አሁን በእጅ የሚጠመጠሙትን ልገዛ ብዬ ሳይ ሰሪዎቹ በብዛት የሚጽፉት ኪሎ ኦም ነው፣ አንዱ 7.5 አንዱ 8.4 አንዱ ደሞ 14 ይላል። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ጥሩ ነው ማለት ነው እንዴ? ደሞስ በእጅ መጠምጠሙ ጆሮ የሚለየው ነገር ያመጣል ወይስ ስሙ ብቻ ነው?

ሽቦና ማግኔት፦
ሰላም ወንድሜ። ኪሎ ኦሙን ለብቻው አትመነው። እሱ የሚነግርህ ሽቦው ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም ነው እንጂ ፒክአፑ እንዴት እንደሚጮህ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሃምበከር የሚጠመጠመው በ42 ቁጥር ሽቦ ነው፣ መዳቡ ወደ 0.063 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፣ ከፀጉር የሚቀጥን ማለት ነው። 43 ቁጥር ደሞ ወደ 0.056 ይወርዳል፣ ስለዚህ በሁለቱ እኩል ዙር ብትጠመጥም 43ቱ ሩብ ያህል ከፍ ያለ ኦም ያሳይሃል፣ የዙሩ ብዛት ግን ያው ነው። ሙቀት ራሱ ቁጥሩን ይቀይረዋል፣ ክፍሉ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ 8.0 የነበረው 8.3 ይሆናል፣ ድምፁ ግን አልተቀየረም።

ድምፁን በዋናነት የሚወስነው የዙሩ ብዛትና ማግኔቱ ነው። ዙር ሲበዛ ኃይሉ ይጨምራል ሚዱ ይወፍራል ትሬብሉ ግን ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ፒክአፑ አጉልቶ የሚያወጣው ፍሪኩዌንሲ ወደ ታች ይወርዳል። 14 ያልከው ብዙ ጊዜ ቀጭን ሽቦ በብዛት ተጠምጥሞበት ሴራሚክ ማግኔት የገባበት ነው፣ አምፑን በኃይል ለመግፋት የተሰራ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወጣው የዲማርዚዮ ሱፐር ዲስቶርሽን የሚባለው ፒክአፕ እንደዛ ነው፣ ብሪጅ ላይ ጌን ለሚወድ ሰው ግሩም ነው። ላንተ ኔክ ግን ጭራሽ ያፍነዋል። አንተ የምትፈልገው ከ7.2 እስከ 7.6 አካባቢ በ42 ሽቦ ቀለል ተደርጎ የተጠመጠመ፣ አልኒኮ (ከአሉሚኒየም፣ ኒኬልና ኮባልት የሚሰራ ማግኔት) 5 ወይ 4 ያለበት ነው። አልኒኮ 2 ብዙ ሰው ይወደዋል፣ እኔም ብሪጅ ላይ እወደዋለሁ፣ ለስላሳ ነው፣ ግን ቤዙ ስለሚላላ ለድብስብሱ ችግር መፍትሄ አይሆንም።

የድሮ ቶን፦
እኔ ደሞ በእጅ የሚለውን ልመልስልህ። ሰው ሁሉ የሚያሳድዳቸው የጊታር ሰሪው የጊብሰን የድሮ ፓፍ ፒክአፖች በእጅ የተጠመጠሙ አይደሉም፣ ማሽን ነው የጠመጠማቸው! ሴት ላቨር የሚባለው የጊብሰን መሐንዲስ ነው ዲዛይኑን የሰራው፣ የፓተንቱ ማመልከቻ የገባው በ1955 ነው፣ የጸደቀው ደሞ በ1959፣ ፓፍ የሚለው ስምም የመጣው ከታች ከሚለጠፈው ፓተንት ተጠይቋል ከሚለው ጽሁፍ ነው። ታዲያ የዚያን ጊዜ አሰራሩ እንደዛሬው ጥብቅ ስላልነበረ አንዱ ኮይል ወደ 5000 ዙር ሲሆን ሌላው ከዛ ይበልጣል ወይ ያንሳል፣ ማግኔቱም ቢሆን ሁልጊዜ አንድ አይነት አልነበረም። ለዚህ ነው አንዱ ፓፍ ከሌላው የማይመሳሰለው።

ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ የኮይሎቹ አለመመጣጠን ላይ ነው። ሃምበከር ሁለት ኮይል አለው፣ አጠማጠማቸውም የማግኔታቸው ዋልታም ተቃራኒ ስለሆነ ከመብራት የሚመጣው ሃም (የእዝታ ድምፅ) እርስ በርሱ ይጣፋል የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ሁለቱ ኮይሎች ፍጹም እኩል ሲሆኑ ሃሙ ድርግም ብሎ ይጠፋል፣ ድምፁ ግን ትንሽ ጭፍን ይላል። አንዱን በ200 ወይ 300 ዙር ስታሳንሰው ሃሙ ከጀርባ በጣም ትንሽ ይሰማል በምትኩ ላይኛው ድምፅ ይከፈታል፣ ክሩን በፒክ ስትመታው የመጀመሪያዋ ጠቅ የምትለው ነገር ትወጣለች፣ ኮርድ ውስጥ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይሰማል። ጎበዝ ጠምጣሚ ይህንን አስቦ ነው የሚሰራው። ሽቦውን በጣት እየመሩ በተነው መጠምጠማቸውም ለውጥ አለው፣ ሽቦው ተደርድሮ ስለማይተኛ፣ ግን በኔ ጆሮ ከዙሩና ከማግኔቱ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

ባለ ስድስት ክር፦
ዋው በጣም አመሰግናለሁ ሁለታችሁም። ቆይ ሰም ውስጥ ያልተነከረ ውሰድ የሚሉም አሉ እሱስ? እና አሁን የጊታሩን ጀርባ ከፍቼ አየሁት፣ የኔኩ ቮልዩም ፖት (ድምፅ መጨመሪያ መቀነሻው) 250 ኪሎ ኦም ይላል፣ የብሪጁ 500 ነው።

ብየዳ፦
ወዳጄ በቃ ምንም ነገር ሳትገዛ መጀመሪያ እሱን ፖት ቀይረው!! 250 ለሲንግል ኮይል ነው የሚሆነው፣ ሃምበከር ላይ ሲገባ ትሬብሉን ይበላዋል፣ 500 አስገባና ስማው። ቶኑ ላይ ያለችውንም ካፓሲተር እያት፣ 0.047 ማይክሮፋራድ ከሆነች በ0.022 ቀይራት፣ እሷ ግን በደንብ የምትሰማው ቶኑን ስትቀንስ ነው። ከዛ ከፍታው። የኔኩን ፒክአፕ በወፍራሞቹ ክሮች በኩል ዝቅ አድርገው፣ የመጨረሻውን ፍሬት ተጭነህ ከክሩ እስከ ፒክአፑ 3 ሚሊሜትር ገደማ ይሁን፣ አሁንም ቤዙ ከበዛብህ ጨምረህ ዝቅ አድርገው፣ ከዛ በየክሩ ስር ያሉትን ብሎኖች ብቻ ለየብቻ በትንሹ ወደ ላይ አውጣቸው። ይሄ ስክሩድራይቨር ብቻ ነው የሚፈልገው። የፒክአፑ ክዳን ከምን እንደተሰራም ጠይቅ፣ ናስ ከሆነ ትሬብል ይቀንሳል፣ ኒኬል ሲልቨር ይሻላል።

ስለ ሰሙ፣ ያልተነከረው አየር ያለው ይመስላል፣ ክሊን ላይ ያምራል፣ ግን ኮይሉ ውስጥ ያለው ሽቦ መንቀጥቀጥ ስለሚችል ጌን አብዝተህ አምፑ አጠገብ ስትቆም ይጮህብሃል። ለኔክ ያልተነከረ ይሁን ለብሪጅ ግን የተነከረ ውሰድ ነው የምልህ፣ አንተ ብሪጁን በዲስቶርሽን ነው የምትጫወተው።

ሽቦና ማግኔት፦
ብየዳ ያለው ትክክል ነው፣ እኔ ፖቱን ሳልጠይቅህ ነው ወደ ማግኔት የሄድኩት። 500ው ገብቶም ካልጠራ ያኔ ጠምጣሚውን ስታናግር ኦሙን ተወውና እነዚህን ጠይቀው፣ በየኮይሉ ስንት ዙር ነው፣ ሽቦው ስንት ቁጥር ነው፣ ማግኔቱ የቱ ነው፣ ኢንዳክታንሱ (ዙር ሲበዛ አብሮ የሚያድገው የኮይሉ መጠን) ስንት ሄንሪ ነው። 4 አካባቢ ካለህ ለኔክህ ጥሩ ነው፣ 7 እና 8 ካለህ ተወው። እነዚህን መመለስ ካልቻለ ሌላ ሰው ፈልግ።

ባለ ስድስት ክር፦
እሺ ፖቱን ቀይሬ መጥቼ እጽፋለሁ፣ የብሪጁን ለጊዜው አልነካውም።