ለወረዳው የምናቀርበው የወርቅ ቁፋሮ ዕቅድ፦ ረቂቁን እንተቸው

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአሶሳ ዞን ለባህላዊ ወርቅ አምራቾች ያሰብነውን ፕሮፖዛል እስከ ሰኞ እንጨርስ። የእኔ ረቂቅ «ሜርኩሪ ይታገድ፣ ሥልጠና ይሰጥ» ይላል። ሳትራሩ ተቹት።

የጤና ባለሙያዋ፦
ባዜቃው፣ ማለትም ሜርኩሪው፣ ወርቁን ይይዛል፣ ከዚያ በእሳት ሲቃጠል ይተንና ወርቁ ይቀራል። ትነቱ አይታይም፣ አይሸትም። ተራ ማስክም አያስቆመውም። በጣም የሚያስፈራኝ ቤት ውስጥ፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ባሉበት ሲቃጠል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፉ የሜርኩሪ ስምምነት (የሚናማታ ስምምነት) እንኳ ለባህላዊ ወርቅ አምራቾች በአንድ ጊዜ አግዱ አይልም። አስቀሩ የሚለው የባሱትን ነው፦ ድንጋዩን በሙሉ በባዜቃ ማሸት፣ በክፍት እሳት ማቃጠል፣ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ማቃጠል፣ ባዜቃ የነካውን ደለል ባዜቃው ሳይወጣለት ሲያናይድ በሚባለው ወርቅ አሟሚ መርዝ ማጠብ። እኛም ከዚህ እንነሳ። ትነቱን መልሶ የሚያቀዘቅዝ ዝግ ማቃጠያ አለ፤ በደንብ ከተሠራበት አብዛኛውን ባዜቃ ይመልሳል። ቆፋሪው ደጋግሞ ስለሚጠቀምበት ለኪሱም ይበጀዋል።

የአምራቾች ተወካይ፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ። ግን እኛ ጋ ብዙ ሴቶች በገበቴ ነው የሚያጥቡት፤ ባዜቃ አይነኩም። እነሱን የሚበላቸው ናዳ ነው። ክረምት ሲገባ አፈሩ ውሃ ይጠጣል፣ ወደ ጎን የተቦረቦረው ጉድጓድ ይደረመሳል። የተተወው ደግሞ ውሃ ይቋጥራል፣ ትንኝ ይራባበታል። ወባው ያነሰን ይመስል! ረቂቁ ስለ ጉድጓድ አንድ ቃል የለውም። «ሥልጠና» ብላችሁ አዳራሽ ከጠራችሁን ደግሞ አበል ተቀብለን፣ ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን።

ከአዲስ አበባ አባል፦
ጉድጓዱን ማን ይሙላ ታዲያ? ከሚሸጠው ግራም ላይ ትንሽ ተቀንሶ ፈንድ ቢቋቋምስ?

የአምራቾች ተወካይ፦
ጋሼ፣ እሱን ተዉት። ሕጋዊ ገዢው ጋ ሳንቲም ከቀነሳችሁ ወርቁ በማግስቱ በኮንትሮባንድ ይሄዳል። ይልቅ ከአዲሱ ጉድጓድ የሚወጣውን አፈር አሮጌው ውስጥ እንድፋው። ለሙን አፈር ለብቻ እናስቀምጥና በመጨረሻ ከላይ እናልብሰው። የሚሞሉበት ቀን ገቢ የለውምና የዚያን ቀን ሂሳብ ፕሮጀክቱ ይክፈል።

የጤና ባለሙያዋ፦
እስማማለሁ። የድንጋይ ወፍጮውንም ጨምሩ፤ ከሰፈር ይራቅ። በናይጄሪያ ዛምፋራ እ.ኤ.አ. በ2010 እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበት የወርቅ ድንጋይ በየግቢው ሲፈጭ ከ400 በላይ ሕፃናት አልቀዋል። የእኛ ድንጋይ ምን እንዳለበት ሳይመረመር ማንም ቤቱ አይፍጭ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
«ይታገድ» የሚለውን አውጥቻለሁ። አሁን ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ክረምት ሳይገባ ጉድጓድ መሙላት፣ ከሰፈር ውጭ የጋራ ማቃጠያ፣ የድንጋይ ምርመራ፣ የወፍጮ ቦታ። ሥልጠናው እዚያው ቁፋሮው ላይ ይሁን፤ የአዳራሽ አበል ሰርዣለሁ። ማቃጠያውን አሶሳ ያሉ ብረት ሠሪዎች በስንት እንደሚሠሩት እስከ ዓርብ የሚጠይቅልኝ ማን ነው?

የአምራቾች ተወካይ፦
እኔ እጠይቃለሁ። የቀን ሂሳቡን ግን ከሴቶቹ ጋር ሳትነጋገሩ እንዳትጽፉ።