ጥንታዊ ጫካ ውስጥ መንገድ እየጠፋብኝ ተቸግሬያለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ለሕዝብ ክፍት በሆነ ጥንታዊ ደን ውስጥ መራመድ ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ሁለት ነገር አላራምድ ብሎኛል፣ ቃል በቃል።

መጀመሪያ ስልኬ። ሜዳ ላይ ካርታው እንከን የለውም፤ ትልልቆቹ ዛፎች ሥር ስገባ ግን ሰማያዊዋ ነጥብ እየዘለለች ሌላ መንገድ ላይ ታስቀምጠኛለች። ቅጠሉና ግንዱ የሳተላይቱን ሲግናል እንደሚያዳክመው ገብቶኛል። ባለፈው እሑድ አረንጓዴ የዛፍ ሽበት የለበሰ የወደቀ ግንድ ምልክት አድርጌ ያዝኩ። ለካ እንዲህ ያለው ግንድ በየሃምሳ እርምጃው ተጋድሟል!

ሁለተኛው ጭቃው ነው። ዝናብ ከጣለ የመንገዱ መሃል ይቦካል፤ ሰው ሁሉ በዳር በዳር ያልፋል፣ እኔም አብሬ። ግን አብዛኛው የዛፍ ሥር ያለው በላይኛው 1 ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ አፈሩ ሲረገጥ ይጠቀጠቅና አየርም ውኃም አያስገባም። የአንዱ ሽማግሌ ዛፍ ሥር በእግር ብዛት ተልጦ ነጭ ሆኖ ሳየው አፈርኩ። በመሃል ልለፍ ስል ደግሞ አንድ እግር ጫማዬ እዚያው ሰምጦ ቀረ።

ልምድ ያላችሁ እባካችሁ፦ የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ለጀማሪ ይከብዳል? ለጭቃውስ ረጅም ቦት ጫማ ይሻላል ወይስ በገመድ የሚታሰር?