ሲቲኮርፕ ሴንተር፦ ሰያፉ ላይ 40 በመቶ፣ መጋጠሚያው ላይ 160 በመቶ እንዴት ሆነ?

ቱንቢ
ሰላም ለሁላችሁ። ኒውዮርክ፣ ሌክሲንግተን ጎዳና 601 ላይ ስላለው ባለ 59 ፎቅ ሕንፃ (የቀድሞው ሲቲኮርፕ ሴንተር፣ በ1977 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው) ሁለት ጥያቄ አለኝ። አራቱ ግዙፍ ምሰሶዎች ማዕዘኖቹን ትተው የየገጹ መሃል ላይ የቆሙት ለምንድን ነው? ሁለተኛው ይበልጥ ግራ ያጋባኛል፦ ነፋስ በማዕዘን በኩል ሲመታ ሰያፍ ብረቶቹ ላይ ያለው ኃይል በ40 በመቶ፣ መጋጠሚያዎቹ ላይ ያለው ደግሞ በ160 በመቶ ይጨምራል ይባላል። ብረቱ ያው፣ ነፋሱም ያው። ልዩነቱ ከየት መጣ?

ውሃልክ
የመጀመሪያው ምክንያት ቤተ ክርስቲያን ነው። የቅዱስ ጴጥሮስ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን የቦታው አንድ ማዕዘን ላይ ነበረች። መሬቷን ስትሸጥ፣ እዚያው ማዕዘን ላይ አዲስ ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራላትና የፎቁ ምሰሶ በውስጧ እንዳያልፍ በውል አሰረች። ስለዚህ አርክቴክቱ ሂዩ ስታቢንስና ስትራክቸራል መሐንዲሱ ዊሊያም ሌሜዠር 35 ሜትር ገደማ የሚረዝሙትን ምሰሶዎች ወደ መሃል አመጧቸው። ማዕዘኖቹ 22 ሜትር ያህል አየር ላይ ቀሩ።

የማዕዘኑ ክብደት እንግዲህ ወደ መሃል መምጣት አለበት። በየገጹ ስምንት ስምንት ፎቅ የሚሸፍኑ፣ እንደ ‹ቪ› ፊደል የተሠሩ ሰያፎች ከሁለቱ ማዕዘን ጭነቱን እየለቀሙ ወደ መሃሉ ምሰሶ ያወርዱታል። የነፋሱንም ኃይል የሚሸከሙት እነሱው ናቸው። በአሉሚኒየም ልባስ መሸፈናቸው ያሳዝናል፤ የሕንፃው እውነተኛ ውበት እነሱ ነበሩ።

ሰያፍ
ሁለተኛውን ልሞክር። ነገሩ ያለው ቅነሳው ላይ ነው።

በማዕዘን በኩል የመጣ ነፋስ በሁለት አቅጣጫ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል የዋናውን 0.7 ያህል ይሆናል። ከስምንት ሰያፎች በአራቱ ላይ የሁለቱ ውጤት ተደምሮ 1.4 ሲሆን በቀሩት አራቱ ላይ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። 40 በመቶው ይኸው ነው።

አሁን አንዱን መጋጠሚያ እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለምሳሌነት ብቻ እዩአቸው። የሕንፃው ክብደት ሰያፉን በ75 ይጨምቀዋል፣ ቀጥ ብሎ የመጣ ነፋስ ደግሞ በ100 ይጎትተዋል። ለመጋጠሚያው የሚተርፈው ጉተታ 25 ነው። ነፋሱ 140 ሲሆን ክብደቱ ግን ከ75 ንቅንቅ አይልም። 140 ሲቀነስ 75፣ 65 ነው። ከ25 ወደ 65 መሄድ የ160 በመቶ ጭማሪ ነው።

በመጀመሪያው ንድፍ መጋጠሚያዎቹ ሙሉ በሙሉ የሚበየዱ ነበሩ። እንዲህ ያለ ብየዳ የብረቱን ያህል ጠንካራ ስለሚሆን ጭማሪው አያሰጋም ነበር። በግንባታው ወቅት ግን ብየዳው በብሎን ተተካ፤ 250,000 ዶላር ያህል ተቆጠበ። ብሎን የሚቆጠረው በተረፈው ጉተታ ልክ ነው። በዚያ ላይ ሰያፎቹ እንደ ኮለን (ምሰሶ) ሳይሆን እንደ ትረስ (ከተጋጠሙ ዘንጎች የሚሠራ ተሸካሚ) አካል ስለተወሰዱ፣ ለኮለን የሚጠየቀው ተጨማሪ የደህንነት መጠባበቂያ ለብሎኖቹ አልታሰበም። የከተማዋ የግንባታ ሕግም የሚጠይቀው ቀጥ ብሎ ገጹን የሚመታ ነፋስ እንዲሰላ ብቻ ነበር። ብቻውን ቢሆን እያንዳንዱ ውሳኔ ያን ያህል አያስደነግጥም፤ አደጋው አንዱ በሌላው ላይ መደረቡ ነው።

ቱንቢ
75 እና 100ው አበራልኝ፤ አመሰግናለሁ። ሰው እየሠራበት እንዴት ተጠገነ?

ውሃልክ
በሌሊት። ሌሜዠር ስህተቱን በ1978 ክረምት ደረሰበት፤ በስሌቱ ደካማው መጋጠሚያ 30ኛው ፎቅ ላይ ነበር። ከነሐሴ ጀምሮ ሠራተኞች ማታ ቢሮው ሲለቀቅ የግድግዳውን ልባስ እየከፈቱ መጋጠሚያውን ያወጡታል፣ ዙሪያውን በኮምፔንሳቶ ይጋርዱታል። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት በያጆች ይገባሉ፤ ጠዋት ሠራተኛ ሳይመጣ ይጸዳል። ብሎኖቹ አልተነቀሉም። በላያቸው 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 1.8 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ይበየድባቸዋል፤ 200 ያህል መጋጠሚያዎች እንዲህ ተሠሩ። መስከረም መጀመሪያ ላይ ኤላ የተባለችው አውሎ ነፋስ ወደ ባሕር ዳርቻው ስትጠጋ ሥራው ገና አላለቀም ነበር። አቅጣጫዋን ወደ ባሕር ቀየረች።

አናቱ ላይ ያለውን 400 ቶን ኮንክሪትም አትርሱት። በዘይት ላይ እየተንሸራተተ ውዝዋዜውን ያረጋጋል። በጊዜው ስሌት ሕንፃውን ሊጥል የሚችለው ነፋስ በ16 ዓመት አንዴ የሚመጣ ሲሆን፣ ይህ ክብደት ሲሠራ ግን በ55 ዓመት አንዴ ይሆናል። የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ ማዕበል ደግሞ መጀመሪያ የሚያጠፋው መብራት ነው። ስለዚህ መጠባበቂያ ጄኔሬተር ገባለት።

ሰያፍ
አንድ ማስተካከያ ልጨምር። የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በ2019 ባሳተሙት አዲስ ስሌት፣ ለዚህ ዓይነት ሕንፃ ይበልጥ የሚከብደው ገጹን ቀጥ ብሎ የሚመታው ነፋስ መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ «የማዕዘን ነፋስ ሊጥለው ነበር» የሚለውን እንደወረደ አትውሰዱት። ከላይ ያስቀመጥኩት ቅነሳ ግን ነፋሱ በየትኛውም በኩል ቢመጣ ይሠራል፦ የክብደቱን 75 ሳትነኩ ነፋሱን በ10 በመቶ ብቻ ብትጨምሩት፣ ብሎኑ የሚሸከመው ከ25 ወደ 35 ይወጣል።