ከሞምባሳ እስከ ላሙ፦ ከፎርት ጂሰስ ሌላ ምን እንይ?

አቧራ_ጫማ

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ከጓደኞቼ ጋር ኬንያ ልንወርድ ነው፣ ናይሮቢ ብዙም አንቆይም፣ በባቡር ሞምባሳ ገብተን ከዛ ባህሩን ይዘን ወደ ሰሜን ለመሄድ ነው ያሰብነው። ማሊንዲ ድረስ ቁርጥ ነው፣ ላሙ ግን ጊዜና ብር ከተረፈን። እውነት ለመናገር ቢች ላይ ተጋድሞ መዋል ለኔ አይሆንም፣ ቶሎ ነው የሚሰለቸኝ፣ እኔ የምፈልገው የድሮ ከተማ፣ ፍርስራሽ፣ መስጊድ፣ ምሽግ ምናምን ነው። ችግሩ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ የሚመጣልኝ ሁሉ ፎርት ጂሰስ ፎርት ጂሰስ ነው (ሞምባሳ ያለው የፖርቹጋሎች የድሮ ምሽግ)፣ ከሱ ቀጥሎ የሆቴል ማስታወቂያ። ጌዲ የሚባል ፍርስራሽ እንዳለ አየሁ ግን ፎቶው ላይ የፈረሰ ግድግዳና ዛፍ ብቻ ነው ያለው፣ ለሱ ብሎ መንገድ ላይ መውረድ ያዋጣል? ሁሉንም እንደማንደርስበት አውቃለሁ፣ የቱ ይግባ የቱ ይቅር የሚለው ላይ ነው ሀሳባችሁን የምፈልገው። ታሪኩንም ጣል ጣል ብታደርጉልኝ ደስ ይለኛል ምክንያቱም ቢች ቢች የሚሉትን ጓደኞቼን ማሳመን ያለብኝ እኔ ነኝ።

የድሮ_ድንጋይ

ጌዲ ያዋጣል ወይ? እንደውም እኔ ብሆን እሱን ነው የማስቀድመው። ሰው ሁሉ ከፎርት ጂሰስ ይጀምርና የዛ ባህር ዳርቻ ታሪክ ፖርቹጋሎች ሲመጡ የተጀመረ ይመስለዋል። ፖርቹጋሎች እኮ ብቅ ያሉት በፈረንጆቹ 1498 ነው፣ ጌዲ ደግሞ ያን ጊዜ በግንብ የታጠረ፣ ቤተመንግስት ያለው፣ ትልቅ መስጊድ ያለው፣ ሀብታሞቹ በድንጋይ ቤት የሚኖሩበት ከተማ ነበረ። መቃብሮቹ ውስጥ አንዱ ላይ 802 ሂጅራ የሚል ተቀርጿል፣ በፈረንጆቹ 1399 መሆኑ ነው። እና መጀመሪያ የአገሬውን ከተማ አይተህ ከዛ ወደ ምሽጉ ስትመለስ ፖርቹጋሎቹ ምን ፈልገው እንደመጡ ማንም ሳይነግርህ ይገባሃል። ለማንኛውም ስትመለሱም በሞምባሳ ስለሆነ ፎርቱን ለመጨረሻ ብታቆዩት የሚጎድልባችሁ ነገር የለም።

ፎቶው ምንም አያሳይም ላልከው፣ ፎቶ ያነሳው ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ አንስቶ ሄዶ ነው የሚሆነው። ወደ ውስጥ ስትዘልቅ ቤቶቹ ስም አላቸው፣ ስማቸውም ቁፋሮው ላይ እዛ ቤት ውስጥ በተገኘው እቃ የተሰጠ ነው፣ የመቀሱ ቤት፣ የዛጎሎቹ ቤት፣ የዝሆን ጥርስ ሳጥኑ ቤት፣ የቬኒስ ዶቃው ቤት እያልክ ትዞራለህ። ከቻይና የመጣ ሸክላም ወጥቷል። አስበው፣ ከባህሩ ገባ ብሎ ጫካ ውስጥ የተቀመጠ ከተማ ውስጥ የቬኒስ ዶቃና የቻይና ሳህን። ከዛ ደግሞ መጸዳጃ ቤቶቹን እያቸው፣ መታጠቢያ ቦታ አላቸው፣ ፍሳሽ የሚወርድበት አላቸው፣ አንዳንድ ዛሬ የማውቃቸው ቤቶች የሌላቸውን። ጄምስ ከርክማን የሚባል አርኪዮሎጂስት ነው ከ1948 ጀምሮ ለዓመታት የቆፈረው፣ ዩኔስኮ ደግሞ በ2024 መዘገበው።

ከተማው 17ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ባዶ ቀረ፣ ለምን የሚለው ላይ ምሁራኑም አንድ አይደሉም፣ ጦርነትም ይነሳል የጉድጓዶቹ ውሃ እየራቀ መሄዱም ይነሳል። የሚገርመኝ ፖርቹጋሎች እዚሁ አጠገቡ ማሊንዲ ላይ ያን ያህል ዘመን ኖረው በጽሁፎቻቸው አንድም ቦታ ጌዲን ስሙን አለማንሳታቸው ነው።

ከሞምባሳ ወደ ማሊንዲ የሚሄደው ማታቱ (ሚኒባስ ታክሲያቸው) ዋናው መንገድ ላይ ያወርድሃል፣ ከዛ በባጃጅም በእግርም ቅርብ ነው። ሙዝ በእጅህ ይዘህ እንዳትገባ፣ ጦጣዎቹ ሰው አይፈሩም።

ጨው_ውሃ

@የድሮ_ድንጋይ ጌዲ ላይ እስማማለሁ ግን ፎርቱን "የፈረንጅ ታሪክ" ብሎ ወደ ጥግ መግፋት ደግሞ ልክ አይመስለኝም። ፖርቹጋሎቹ ሰሩት (1593 ላይ ነው የተጀመረው፣ ንድፉን ያወጣው ካይራቲ የሚባል ጣልያናዊ ነው) ግን ለነሱ ብቻ መች ሆነና። የ1631ዱን ታሪክ እስቲ ለጓደኞችህ ንገራቸው። የሞምባሳው ሱልጣን ዩሱፍ ቢን ሀሰን ልጅ ሆኖ ጎዋ (ህንድ ውስጥ ያለችው የፖርቹጋሎች ግዛት) ተወስዶ ነው ያደገው፣ ክርስትና አንስተውት ዶም ጀሮኒሞ ተብሎ፣ ከዛ የኛ ሰው ሆኗል ብለው መልሰው ዙፋን ላይ አስቀመጡት፣ እሱ ግን አንድ ቀን ምሽጉ ውስጥ ገብቶ የፖርቹጋሉን አዛዥ ገደለና ቦታውን ያዘው፣ ወደ እስልምናውም ተመለሰ። ይሄ የፈረንጅ ታሪክ ነው እንግዲህ?

ከዛ የኦማን አረቦች ከ1696 እስከ 1698 ወደ ሶስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከበው ይዘውታል፣ ውስጥ የነበረውን ሰው ከጥይት ይልቅ በሽታ ነው የጨረሰው። ለማዳን ከመጡት መርከቦች አንዷ፣ ሳንቶ አንቶኒዮ ደ ታና፣ 1697 ላይ እዛው ምሽጉ ፊት ለፊት ሰጠመች። 1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ጠላቂዎች ገብተው እቃዋን አወጡ፣ አሁን ሙዚየሙ ውስጥ አለ፣ እሱን ሳታዩ እንዳትወጡ። ሌላው ሰው የሚያልፈው ነገር የፖርቹጋል ወታደሮች ግድግዳ ላይ የሳሉት ስዕል ነው፣ መርከብ ምናምን፣ እንደው ስራ የፈታ ወታደር የሞነጫጨረው አይነት፣ ለኔ ከመድፎቹ ሁሉ እሱ ይበልጣል። እንግሊዞች ደግሞ እስር ቤት አደረጉት፣ እስከ 1958 ድረስ።

ጠዋት በሩ ሲከፈት ግቡ፣ ከሰዓት ሙቀቱ አያስኬድም። ስትወጡ ኦልድ ታውን እዛው ስር ነው፣ የተቀረጹት በሮችና የማንድሪ መስጊድ አሉ። መሀል ከተማ ያለውን የዝሆን ጥርስ ቅስት ግን ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ብታዩት ይበቃል፣ አልሙኒየም ነው።

ማስታወሻ_ደብተር

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። እኛ ሀበሾች እዛ ስንሄድ የራሳችን ታሪክ ቅርንጫፍ እዛ እንዳለ ብዙዎቻችን አናውቅም።

አንደኛው ክራፍ ነው። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ 1839 ላይ ሸዋ ገብቶ አንኮበር ንጉስ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የነበረው ሰውዬ፣ ከሸዋ ወጥቶ መመለስ ሲከለከል 1844 ላይ የሄደው ሞምባሳ ነው። ገና እንደደረሱ ሚስቱ ሮዚን ከወለደቻት ህጻን ጋር ሞተችበት፣ መታሰቢያቸው ከደሴቷ ማዶ ኒያሊ በኩል ነው። እሱ ግን አልተመለሰም፣ ራባይ የሚባል ኮረብታ ላይ ጣቢያ ከፈተ፣ 1846 ላይ ሬብማን የሚባል ሌላ ጀርመናዊ መጣለት፣ ሁለቱ ከዛ ተነስተው ነው አንዱ ኪሊማንጃሮን ሌላው የኬንያን ተራራ አይተው በረዶ አለ ብለው ሲጽፉ አውሮፓ ቁጭ ያሉ ምሁራን የሳቁባቸው። ራባይ ላይ አሁን ትንሽዬ ሙዚየም አለ፣ ከባህሩ ገባ ይላል ግን ከሞምባሳ ሩቅ አይደለም። ትልቅ ነገር ጠብቃችሁ አትሂዱ፣ ሆኖም አንኮበርን ላየ ሰው የክራፍን መንገድ ሌላኛውን ጫፍ ማየት ደስ ይላል።

ሁለተኛው ማሊንዲ ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ 1498 ላይ ሞምባሳ ሲጣላ የሞምባሳ ተቀናቃኝ የነበረው የማሊንዲ ሱልጣን ነው ተቀብሎት ወደ ህንድ የሚያሻግረው መሪ የሰጠው፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ያለው ነጭ ምሰሶ የዳ ጋማ መታሰቢያ ነው፣ አናቱ ላይ ያለው መስቀል የሊዝበን ድንጋይ ነው። እና የዚህ ሰውዬ ልጅ ማን መሰላችሁ? 1541 ላይ ከ400 ወታደር ጋር በምጽዋ ገብቶ ከግራኝ አህመድ ጋር የተዋጋውና በዓመቱ ተማርኮ የተገደለው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ። እዛው ማሊንዲ ያለችው የሳር ክዳን የለበሰች ትንሽ የፖርቹጋል ቤተክርስቲያን ጋ ደግሞ ፍራንሲስ ዛቪየር የሚባለው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ወደ ጎዋ ሲያልፍ ቆም ያለው በዛው በ1542 ነው። አባትየው በሄደበት ውሃ ልጅየው ወደኛ መጣ ማለት ነው፣ እኔ ይሄን ትምህርት ቤት እንደዚህ አያይዞ የነገረኝ አልነበረም።

ደግሞ ማሊንዲን ከፖርቹጋል ጋር ብቻ አታያይዙ። 1415 ላይ ከማሊንዲ ለቻይናው ንጉስ ለዮንግሌ ቀጭኔ ተልኮለት ቤተመንግስቱ ተአምር ታየ ብሎ ነው የተቀበለው። ቀጭኔ በመርከብ!

አቧራ_ጫማ

ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ቀጭኔዋን ስነግራቸው ቢች ቢች ሲሉ የነበሩት ዝም አሉ 😂 ጌዲና ማሊንዲ ገብተዋል፣ ፎርቱ ለመጨረሻ። አሁን የቀሩኝ ላሙና መንገድ ላይ ያሉት ትንንሾቹ፣ ጁምባና ምናራኒ የሚባሉ አየሁ፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ ወይስ አንዱ ይበቃል? አብረውን ሴቶችም ስላሉ የአለባበሱን ነገር ብትነግሩን፣ እዛ ሄደን ሰው እንዳናስቀይም።

በአህያ_ተራ

ላሙን "ከተረፈን" ውስጥ አታስገባው። ጌዲን ካየህ በኋላ ላሙን ካላየህ ጎዶሎ ነው፣ ምክንያቱም ጌዲ ፈርሶ ያየኸው ቤት ላሙ ላይ ሰው ይኖርበታል። ያው ድንጋይ ነው፣ ያው አሰራር ነው። ድንጋዩ ኮራል የሚባለው የባህር ድንጋይ ነው፣ ከባህር ሲያወጡት ለስላሳ ስለሆነ እንደልብ ይቆረጣል፣ አየር ሲያገኘው ይጠነክራል፣ ኖራውንም ኮራል አቃጥለው ነው የሚያገኙት። ጣሪያው የሚያርፈው የማንግሮቭ እንጨት ላይ ነው። እና አንድ ነገር ልብ በል፣ ክፍሎቹ ሁሉ ረዘም ብለው ጠበብ ያሉ ናቸው፣ መሬት አጥሮ አይደለም፣ የማንግሮቩ እንጨት ከተወሰነ ርዝመት በላይ ስለማይሄድ ነው። ይሄን አውቀህ ጌዲ ላይ የወለሉን ስፋት በእርምጃ ብትለካው ጣሪያው በሌለበት እንኳን እንጨቱ ምን ያህል እንደነበር ታውቀዋለህ።

ቤቱ በር ላይ የድንጋይ መቀመጫ አለ፣ እንግዳ እዛ ነው የሚስተናገደው፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ዘመድ ነው። የውስጠኛው ክፍል ግድግዳ ደግሞ በኖራ የተሰሩ ትንንሽ መደርደሪያዎች ከላይ እስከታች፣ የቻይና ሳህን የሚደረደርበት። ስዋሂሊ ሀውስ የሚባለው ሙዚየም ገብታችሁ እዩት። ምሽጉ 1821 አካባቢ ያለቀ ነው፣ ከሞምባሳው ጋር አይወዳደርም ግን ከተማው መሀል አደባባዩ ላይ ስለሆነ የከተማው ሰው ሁሉ እዛ ነው። ዩኔስኮ የመዘገበው በ2001 ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገዱ መኪና አያስገባም፣ እቃ የሚጭነው አህያ ነው፣ ስሜ ከየት እንደመጣ ገባችሁ አይደል። የነብዩ ልደት፣ መውሊድ፣ ላይ ከደረሳችሁ ደግሞ የሪያዳ መስጊድ በዓል አለ፣ ከሌላ አገር ሁሉ ሰው ይመጣል፣ የአህያ ውድድርም የጀልባ ውድድርም አለ፣ ማደሪያ ግን ቀድማችሁ ካልያዛችሁ ጉድ ይፈላል።

አለባበስ፦ የሙስሊም ከተማ ነው፣ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ፣ ለሴቶቹ አንድ ሻሽ ቦርሳ ውስጥ፣ በቃ። የሚሰገድበት መስጊድ ውስጥ ሳትጠይቁ አትግቡ፣ ሰው ስታነሱም አስፈቅዱ።

መንገዱን በተመለከተ ከማሊንዲ በላይ በመኪና ለመሄድ ካሰባችሁ የዛን ሰሞን የጸጥታውን ሁኔታ አጣሩ፣ ዝም ብሎ አይነዳም። ብዙ ሰው ማንዳ ደሴት ድረስ በረራ ይዞ በጀልባ ይሻገራል።

የድሮ_ድንጋይ

@አቧራ_ጫማ ከሁለቱ አንዱን ካልክ ጁምባ። ከሞምባሳ ብዙም አይርቅም፣ 14ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተሰራ ነው፣ አንደኛው መስጊዱ ባህሩ ጫፍ ላይ ስለሆነ ለቢች ወዳዶቹም ይሆናል፣ እነሱ ይዋኙ አንተ ድንጋይህን እይ። ምናራኒ ኪሊፊ ላይ ነው፣ ደረጃ ወጥተህ የባህሩን መግቢያ ከላይ የምታይበት፣ ቪው አለው ግን ጌዲን አይተህ ከመጣህ ብዙ አዲስ ነገር አይጨምርልህም።

በድንጋይ ብቻ እንዳታልቁ ደግሞ፣ የሚጂኬንዳ ህዝቦች ካያ የሚባሉ ጫካዎች አሉ፣ ድሮ የታጠሩ መንደሮች የነበሩ፣ ዛሬ የአባቶች መንፈስ አለበት ተብሎ ሽማግሌዎች የሚጠብቋቸው፣ ዛፍ አይቆረጥባቸውም። 2008 ላይ ዩኔስኮ ገብተዋል። ለጎብኚ የተከፈተው ካያ ኪኖንዶ ግን ከሞምባሳ ወደ ደቡብ ዲያኒ በኩል ስለሆነ ከመስመራችሁ ይወጣል፣ ፎርቱን ስትጨርሱ ቀን ከተረፋችሁ ብቻ። ጥቁር ጨርቅ ያስለብሷችኋል፣ አትከራከሩ።

ክፍያ ላይ ጥሬ ብር ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ኤምፔሳ ወይ ካርድ ይኑራችሁ።

በአህያ_ተራ

ረስቼው፣ ላሙ ከደረሳችሁ ታክዋን እንዳትዘሉ፣ ማንዳ ላይ ያለ ፍርስራሽ ነው፣ ምሰሶ ያለው መቃብር አለው። ጀልባዋ በማንግሮቩ መሀል የምታልፈው ውሃ ሲሞላ ብቻ ስለሆነ ሰዓቱን የሚወስነው የባህሩ መሙላትና መጉደል ነው፣ ከአንድ ቀን በፊት ባለጀልባውን ጠይቁና ተነሱ ባላችሁ ሰዓት ተነሱ፣ ቁርስ ላይ ቁጭ ካላችሁ ተመልሳችሁ ስትመጡ ጭቃ ላይ ነው የምትቀመጡት።