ቡዳን መፍራት ከማን ተማራችሁ?

የጎንደር ልጅ፦
አያቴ ጀበናዋንም ምጣዷንም የምትገዛው ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ነበር። ሴትዮዋ ደጃችን ስትደርስ ግን ሞሰቡ ይከደናል፣ እኛ ልጆቹ ወደ ጓዳ እንገባለን። ማንም ቁጭ አድርጎ «ጥላት» አላለኝም፤ የአያቴን እጅ እያየሁ ነው የተማርኩት። ዛሬ አርባ አልፎኝ፣ የማላውቀው ሰው እያየኝ ስበላ ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። አፍራለሁ፣ ግን ይቆማል። እናንተስ?

ሸማ ለባሽ፦
ምኒልክ እኮ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ግን እኔ ትምህርት ቤት ስገባም አልቀረም። በመጽሐፍም ብትሄዱ፣ በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው ጉዱ ካሳ ያገሩን ልማድ ስለነቀፈ እንደ እብድ ነው የታየው።

የጎንደር ልጅ፦
እሱን መጽሐፍ አያቴም በሬዲዮ ሲተረክ ሰምታዋለች። ሞሰቡን መክደኗን ግን አልተወችም!

የቀጥቃጭ ልጅ፦
ቤተ እስራኤል ነን፤ አሁን ያለሁት ነታንያ ነው። አባቴ ማረሻ ይሠራ ነበር። ቀን ማረሻ የሚያሠሩት ሰዎች «ሌሊት ጅብ ይሆናል» ይሉታል። እኔ ልጁ እንኳ ተጠራጥሬ አንድ ሌሊት ሳልተኛ ጠበቅሁት። ጭሱ ደረቱን ጎድቶት ሲያስል አደረ እንጂ የትም አልሄደም።